የጋራው በር ዕዳ

በዚያ መስከረም እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ወደሚገኘው የተማሪዎች ማደሪያ ከገቡት ስድስት የአንድ ወጥ ቤት ተጋሪዎች አምስቱ የበር ሽብልቅ ይዘው ነበር የመጡት። የአንዱ የጎማ ነው፣ የሌላው የእንጨት። አንዷ ደግሞ አያቷ በአበባ ጨርቅ ሰፍተው አሸዋ የሞሉላት፣ ቁጭ ያለ ውሻ የሚመስል ነገር ይዛለች። ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ሲወጣ አክስቱም፣ ጎረቤቱም፣ የቀድሞ አስተማሪውም የሚመክሩት ይህንኑ ነው፦ «በርህን ክፍት አድርግ፣ ያለዚያ ወዳጅ አታገኝም።» የማያውቁትን ሰው በር ማንኳኳት ድፍረት ስለሚመስል፣ ክፍት በር «ግቡ» ማለት ነው። የማደሪያው በሮች ግን እሳት እንዳያሳልፉ የተሠሩ ከባድ በሮች ናቸው፤ ከላይ ያለው የብረት ክንድ ስቦ ራሱ ይዘጋቸዋል። ስለዚህ ሽብልቅ የግድ ነው።

ስድስተኛዋ ተከራይ ግሌንዳ ብላንቻርድ ሽብልቅ አልያዘችም። የያዘችው አንድ የብረት መጥበሻ፣ እጀታው በክር የተጠመጠመ የድንች ቢላዋ፣ ተተኩሰው የታጠፉ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቆች፣ ከግሪምስቢ ጀምሮ በባቡር ውስጥ ጭኗ ላይ አድርጋ ያመጣችው ቀይ አበባ ከነማሰሮው ነበር። ዕድሜዋ ሃምሳ ሰባት ነው። ነርስነት ልትማር ነው የመጣችው።

ግሌንዳ ከልጅነቷ ጀምሮ ግሪምስቢ ወደብ አጠገብ ባለ ፋብሪካ የዓሣ ሥጋ ከአጥንት ስትለይ የኖረች ሴት ናት። ሥራው ከበረዶ ጋር ስለሆነ ጣቶቿ በበጋም ቀይ ናቸው፤ ቀለበቷን ያወለቀችው ባሏን ስትፈታ ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ ጣቷ ሲያብጥ ነው። በተፈጥሮዋ ድምፅዋን ከፍ የምታደርግ ሰው አይደለችም። በአውቶቡስ ውስጥ እግሯን የረገጣትን ሰው ቀድማ ይቅርታ የምትጠይቀው እሷ ናት። ነገር ግን ፋብሪካው ሲዘጋ አለቃው ሴቶቹን ሰብስቦ፣ «እኛ እኮ እንደ ቤተሰብ ነበርን» ሲል፣ ከኋላ ሆና፣ «ቤተሰብ በሁለት ሳምንት ማስጠንቀቂያ አያባርርም» ያለችው እሷ ነበረች። ካለች በኋላ ደንግጣ ፊቷ ቀላ፤ ቃሏን ግን አልመለሰችም።

ከዚያ እናቷ ታመሙ። በሆስፒታል ሳሉ እናቷን የምታገላብጥ አንዲት ነርስ ነበረች፤ ሁልጊዜ ከመንካቷ በፊት እጇን በጉያዋ ታሞቀዋለች። ግሌንዳ ያንን አየች። እናቷን ቀብራ ስትመለስ የማታ ትምህርት ተመዘገበች። ሒሳብ አንዴ ወደቀች፣ ደግማ ተፈተነች፣ አለፈች። ልጇ ሊያን፣ «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜ ከነዚያ ጩጬዎች ጋር ልትኖሪ ነው?» ስትላት፣ «ጩጬ አሳድጌ የለ፤ አልፈራቸውም» አለች።

ጩጬዎቹም አላስፈሯትም። ከሁሉ ቀድሞ የቀረባት ሮድሪ የሚባል፣ ከዌልስ ገጠር የመጣ ረዥም ልጅ ነበር። ገና በመጀመሪያው ምሽት ቢጫ የጎማ ሽብልቁን ከራሱ ክፍል አምጥቶ በወጥ ቤቱ በር ሥር ገፋው።

«ውኃው ሲፈላ የሰማ ሰው ይመጣል» አለ፣ እንደማፈር ብሎ።

እውነትም መጡ። መጀመሪያ ኢሞጀን መጣች፤ ከደቡብ የመጣች የጥርስ ሐኪም ልጅ ናት፣ እንቁላል ስንት ደቂቃ እንደሚቀቀል ለመጠየቅ ነበር። ከዚያ ሌሎቹ። ዓመቱን ሙሉ ያ በር ተዘግቶ አያውቅም። የተጠበሰ ዳቦና የባቄላ ጣሳ፣ በየወተቱ ዕቃ ላይ የተለጠፈ የባለቤት ስም፣ ስሙ እያለ የሚሰረቅ ወተት፣ በፈተና ሰሞን ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ የሚያንቀላፋ ራስ፤ ሁሉም በዚያ በተከፈተ በር ውስጥ አለፈ። ልጆቹ ግሌንዳን ሲፈልጉ «እማማ» ይሏታል፣ ሲቀልዱ ደግሞ «አዛውንቷ ተማሪ»። እሷም መልሳ፣ «አዛውንቷ ማጠቢያው ውስጥ ያለውን ድስት የማን እንደሆነ ታውቃለች» ትላቸዋለች፤ ድስቱ ይታጠባል።

በሰኔ፣ ፈተና ካለቀ በኋላ፣ በሩ ወደቀ።

ማንም አልመታውም። ሮድሪ በሁለት እጁ የገበያ ከረጢት ይዞ፣ በሽብልቁ ገርበብ ብሎ የቆመውን በር በትከሻው ገፋ አድርጎ ሲገባ የብረት ክንዱ ከነቡሎኑ ከመቃኑ ላይ ተነቀለ፤ በሩ ዘንበል ብሎ በታችኛው ማጠፊያ ብቻ ተንጠለጠለ፤ የመቃኑ እንጨት ከላይ እስከ ወገቡ ተሰነጠቀ። ግሌንዳ ድንች እየላጠች ነበር። ሮድሪ ከረጢቶቹን ሳያስቀምጥ ቆሞ ቀረ።

«ምንም አላደረግሁትም» አለ።

«አይቻለሁ» አለችው። «ና ከሥሩ ውጣ፣ ጭንቅላትህ ላይ እንዳይወርድ።»

የዚያኑ ዕለት ለጥገና ክፍል አስታወቁ። ከሦስት ቀን በኋላ ከማደሪያው ድርጅት መልእክት ለስድስቱም መጣ። በሩና መቃኑ ሙሉ በሙሉ ይለወጣሉ ይላል። ጉዳት ያደረሰው ሰው ስሙ ከታወቀ እሱ ይከፍላል፤ ካልታወቀ ግን በውሉ መሠረት ወጪው ለስድስት ተካፍሎ እያንዳንዱ ተከራይ ሲገባ ካስያዘው መያዣ ገንዘብ ላይ ይቀነሳል። አንድ ላይ ተቀምጠው አነበቡት። የበሩ ዋጋ፣ የሠራተኛው ዋጋ፣ «የጽሕፈት ቤት ወጪ» የሚባልም ነገር ተጨምሮበት፣ ከእያንዳንዳቸው መያዣ የሚተርፈው ጥቂት ነበር።

«ተዪው በቃ» አለች ኢሞጀን፣ ሳህኖቿን በጋዜጣ እየጠቀለለች። «ሁሌም እንዲህ ናቸው። አባዬ እኮ መያዣውን ሲከፍል፣ ‹ይህን ገንዘብ ከአሁኑ ደህና ሁን በዪው› ብሎኛል።»

«አባትሽ ደህና ሁን ይበለው» አለች ግሌንዳ። «እኔ ገና አልተሰናበትኩትም።»

ሳቁ። ግን ሁሉም በዚያው ተዉት። አንዱ ባቡር ሊይዝ ነበር፣ አንዷ የበጋ ሥራ ልትጀምር። ነገር ማካበድ አይወዱም፤ ከማካበድ መክፈል ይቀላቸዋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንም የሌላውን ስም መጥራት አልፈለገም። ሮድሪ ብቻ የዕቃ ማድረቂያውን ጨርቅ በእጁ እየጠመዘዘ ቆመ።

ግሌንዳ ልተወው ብትልም መተው አትችልም ነበር። በመስከረም የሆስፒታል ልምምዷ ይጀምራል፤ ፈረቃው ከጥዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ከግሪምስቢ የሚነሳው የመጀመሪያው ባቡር በዚያ ሰዓት ሼፊልድ አይደርስም። ስለዚህ ለቀጣዩ ዓመት ዎክሊ በሚባለው ሰፈር፣ ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ አንድ ክፍል አይታ ነበር፤ መስኮቱ ሰፊ፣ ለአበባዋ የሚበቃ። አከራይዋ ወይዘሮ ሳይክስ መያዣ ሲከፈላቸው ቁልፉን ሊሰጧት ተስማምተዋል። ግሌንዳ ያንን የምትከፍለው ከዚህኛው ማደሪያ በሚመለስላት መያዣ ነው፤ ሌላ የላትም። ገንዘቡ ካልተመለሰ ክፍል የለም፣ ክፍል ከሌለ ልምምድ የለም፣ ልምምዱን ያጣ ተማሪ ደግሞ ከትምህርቱ ይሰረዛል።

በማግሥቱ ጥሩ ሹራቧን ለብሳ ምድር ቤት ወዳለው ጽሕፈት ቤት ወረደች። ኃላፊው ኪራን ይባላል፤ ከልጇ ከሊያን በዕድሜ የሚያንስ፣ አንገቱ ላይ መታወቂያ ያንጠለጠለ፣ ትሑት ልጅ ነው። ጠረጴዛው ላይ ከረሜላ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን አለ።

«ይቀመጡ ግሌንዳ፣ ይቀመጡ። ሻይ ላምጣልዎ?»

«ሻይ ከጠጣሁ እሺ ማለት ይቀለኛል። ይቅርብኝ።»

ኪራን ፈገግ አለ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ አድርጎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንድ የገባኝ ነገር አለ። ሽብልቅ ነው ያንን በር የጎዳው። ክንዱ ዓመት ሙሉ ተወጥሮ ከረመ። እርስዎ ደግሞ ሽብልቅ እንኳ አልነበረዎትም። ከልጆቹ የአንዱ ነው። ስሙን ይንገሩኝና የእርስዎ መያዣ በዚህ ሳምንት ይመለሳል፤ ሙሉው።»

ግሌንዳ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች። የዎክሊው ክፍል፣ ሰፊው መስኮት፣ የወይዘሮ ሳይክስ ነጭ መጋረጃ ዐይኗ ላይ መጣ። አንድ ስም ብቻ ነው፤ አጭር ስም።

«ሽብልቁ የማን ነው ነው የምትለኝ?»

«አዎ።»

«የሁላችን ነው። እኔ ራሴ ድስት ይዤ ሳልፍ በእግሬ እገፋው ነበር። ያንተም ሰው በየወሩ ሊቆጣጠር ሲመጣ ተሻግሮት ነው የሚገባው። አንድ ቀን እንዲያውም አደናቀፈውና ‹ይቅርታ› አለው።»

«ማንን?»

«ሽብልቁን።»

ኪራን ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «ውሉ ግን ግልጽ ነው፣ ግሌንዳ። አጥፊው ካልታወቀ ሁሉም ይካፈላል። ፈርመውበታል።»

«ፈርሜያለሁ። ምን ላይ እንደፈረምኩ ግን አንተም እኔም ገና አልገባንም መሰለኝ።»

«እሺ፣ እንዲህ ላድርግልዎ።» አንድ ወረቀት ከመሳቢያው አወጣ። «ግማሹን ዛሬ ልመልስልዎ፤ ይፈርሙና ጉዳዩ ይዘጋ። ለእርስዎ ብቻ ነው የማደርገው። ለልጆቹ እንዳይነግሯቸው።»

ግሌንዳ ወረቀቱን አየችው። ግማሹ ላይ ከሊያን ትንሽ ብትበደር የዎክሊው ክፍል የእሷ ይሆናል። ወረቀቱን ወደ እሱ መልሳ ገፋችው።

«አየህ የኔ ልጅ፣ እዚህ ላይ ነው የተበላሸው» አለች ቀስ ብላ። «ደግ ነገር ከሆነ ለምን ይደበቃል? የሚገባኝ ከሆነ ለምን ግማሹ ብቻ? የማይገባኝ ከሆነስ ለምን ግማሹን ትሰጠኛለህ?»

«ወደ ክርክር ከሄደ በጋውን ይፈጃል እኮ።»

«ይፍጀው። ስምም አልሰጥህም፣ የሌላ ሰው ዕዳም አልከፍልም።»

ከተነሳች በኋላ ከከረሜላው አንድ አንሥታ፣ «ይህን ከመያዣዬ አትቀንሰው» ብላው ወጣች። ውጭ ያለው አጥር ጋ ስትደርስ ብረቱን ይዛ ቆመች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄው አይደል፤ አጥፊውን ያጣ ድርጅት ያገኘውን ሁሉ ይመታል። የተመታ ደግሞ ዝም ይላል፣ ዱላው ለስድስት ስለተካፈለ ቀሎ ይሰማዋላ።

ሮድሪ አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ደረሰባት። እየሮጠ ነበር የመጣው።

«ልነግረው ነው» አለ። «ኪራንን። እኔ ነኝ ልለው ነው።»

«አንተ ምን ነህ?»

«በሩን የሰበርኩት። ሽብልቁ የኔ ነው፤ ሲወርድም በእጄ ነው።»

«በትከሻህ ነው» አለችው። «እጅህ ከረጢት ይዞ ነበር። በር በትከሻ ሲነካ የሚወድቅ ከሆነ አስቀድሞ ወድቋል ማለት ነው። ስማኝ፤ አንተ እኔ ነኝ ካልክ በሩን ሙሉውን ካንተ ላይ ነው የሚጥሉት። ከመያዣህ ሲያልፍ ዋስህን ይጠይቃሉ። ዋስህ ማን ናት?»

ሮድሪ ዐይኑን ወደ መንገዱ አዞረ። «እናቴ።»

«እኮ።»

«ሰርቄ የተደበቅሁ ነው የሚመስለኝ፣ ግሌንዳ።»

«የምትሰርቅ ቀን እኔው በጆሮህ ይዤ ነው የምወስድህ። ጥፋተኛ ስትሆን ትናዘዛለህ። አሁን ግን ሌላ ሰው እንዳይቸገር ብለህ ያላደረግኸውን አደረግሁ ብትል ያ ውሸት ነው፣ ደግነት አይደለም።»

«አንቺ ግን ክፍሉን ታጫለሽ።»

«ይህ የኔ ጉዳይ ነው የኔ ፍቅር። ሂድ፣ ዕቃህን ጠቅልል። ካልሲህ አሁንም ማሞቂያው ላይ ነው።»

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የተማሪዎች ማኅበር የምክር ጠረጴዛ አለው። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ማደሪያውን ሊለቁ ስለሆነ ግሌንዳ በዚያው ዕለት ሄደች። ያገኘቻት ፋርሃት የምትባል፣ አረንጓዴ ሻሽ ያሰረች ወጣት ናት። ግሌንዳ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ከጨርቅ ውሻው ጀምራ ነገረቻት። ፋርሃት ሳታቋርጥ ሰማች፤ ከዚያም፣

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «መያዣው የማን ገንዘብ ነው?»

«እስኪመልሱልኝ የእነሱ ነዋ።»

«አይደለም። ያንቺ ነው። አንድም ቀን የእነሱ ሆኖ አያውቅም። ለዚህ ነው በሕግ ከሦስተኛ ወገን ዘንድ እንዲጠበቅ የተደረገው፤ እነሱም እንዲህ ማድረጋቸውን አይቻለሁ። ሊቀንስ የፈለገ ነው ማስረዳት ያለበት፣ አንቺ አይደለሽም። ስትገቡ በሩ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበር፣ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ አንቺ ራስሽ ምን እንዳደረግሽው። የተስማማሽበት ቅነሳ ከሌለ ጠባቂው ዘንድ ያለ ገላጋይ ያየዋል። በነፃ።»

ግሌንዳ ከኪራን ፊት ተቀምጣ ሳለች እንደ ለማኝ ተሰምቷት ነበር፤ ሹራቧን የለበሰችውም ለዚያ ነው። ልጆቹም ዝም ያሉት ለካ ለዚያ ነው። አንዴ ከእጅ የወጣ ገንዘብ የሰጪው ርኅራኄ ካልሆነ አይመለስም ብለው ነው።

«እንግዲያው ልመና አይደለም» አለች።

«ልመና አይደለም።»

ቃሏን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ጻፈች። በሩ እንዴት እንደወረደ፣ ጥገና የጠሩት እነሱ ራሳቸው እንደሆኑ፣ ተቆጣጣሪው በየወሩ ሽብልቁን እያየ አንድም ቀን አንሱት እንዳላለ። ሽብልቁን እሷም በእግሯ ትገፋው እንደነበርም ጻፈች።

«ይህን የመጨረሻውን ብታወጪው ይሻል ይሆን?» አለች ፋርሃት። «ማንም አልጠየቀሽም።»

«አይወጣም። የሆነውን ሁሉ ነው የምነግራቸው። የማልነግራቸው የሰው ስም ብቻ ነው።»

ዕቃዋን ይዛ ወደ ግሪምስቢ ተመለሰች። አበባዋን የሊያን ወጥ ቤት መስኮት ላይ አስቀመጠች፤ የሊያን ድመት ቅጠሉን ታኝክበት ጀመር። በቀን የተጠበሰ ዓሣና ድንች የሚሸጥ ቤት ገብታ መሥራት ጀመረች፤ ደመወዙ ለሊያን ቤት ከምትሰጠው የምግብና የመብራት ድርሻ እምብዛም አይተርፍም። በሐምሌ መጨረሻ ወይዘሮ ሳይክስ ደወሉ።

«የኔ ቆንጆ፣ እኔማ ልጠብቅሽ ነበር» አሉ። «ግን አንድ ልጅ መጥቶ አሁኑኑ ልክፈል ይላል።»

«ይገባኛል፣ ወይዘሮ ሳይክስ።»

«ያ ገንዘብሽ አልመጣም?»

«እየመጣ ነው።»

«እንዴት ታውቂያለሽ?»

«የኔ ስለሆነ።»

ወይዘሮ ሳይክስ ተነፈሱ፤ ክፍሉን ግን ለልጁ ሰጡት። ሊያን ይህን ስትሰማ ማንኪያውን ማጠቢያው ውስጥ ወረወረችው።

«ግማሹን ሰጥቶሽ ነበር አይደል? በእጅሽ ነበር፣ እማዬ። ነርስነቱን ለበር ብለሽ ልትተዪው ነው? ያውም ላልሰበርሽው በር።»

«ላልሰበርኩት መሆኑን አንቺም ካወቅሽ ምን ያከራክረናል?»

«ያ ልጅ ይክፈለዋ። ምንሽ ነው?»

«ምኔም አይደለም። ሻይ ሲፈላ ሰው እንዲመጣ ብሎ በር የከፈተ ልጅ ነው።» ግሌንዳ ማንኪያውን አንሥታ አለቀለቀችው። «ሊያን፣ ዕድሜዬን ሙሉ ‹ይሁን፣ ይለፍ› ስል ኖሬያለሁ። ላባትሽ ይሁን አልኩ፣ ለፋብሪካው ይሁን አልኩ። በሽተኛ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ‹ይህ መድኃኒት የኔ አይደለም› ሲለኝ ይሁን፣ ዋጠው ልለው ነው? እንዲህ ያለች ነርስ አያስፈልግም።»

 በማግሥቱ ሊያን ድመቷን ከመስኮቱ አውርዳ ሌላ ክፍል ስትዘጋባት ግሌንዳ አየች።

የገላጋዩ ውሳኔ የመጣው ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ነው፤ ግሌንዳ ድንች ልትጠብስ ዘይቱ ሲግል። መነፅሯ በእንፋሎት ተሸፍኖ ስለነበር ስልኳን ምሳ ልትበላ ለመጣችው ለሊያን ሰጠቻት። ሊያን ከወረፋው ጎን ቆማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችላት። ድርጅቱ የወደቀውን በር ፎቶ አቅርቧል፤ ተከራዮቹ ሲገቡ በሩ እንዴት እንደነበር ግን ምንም አላቀረበም፣ ዕድሜውንም አላስረዳም። የጋራ ወጥ ቤት በር በአገልግሎት ያልቃል። ሽብልቁን ሠራተኞቹ እያዩ ዝም ብለዋል። ተከራይዋ በሩን መስበሯ አልተረጋገጠም። ገንዘቡ ይመለሳል።

«ሙሉው?» አለች ግሌንዳ።

ሊያን ጽሑፉን በጣቷ ወደ ታች አወረደች። «ምድጃውን ለማጽዳት በሚል የአንቺን ድርሻ ቀንሰዋል። እሱን ድርጅቱ አስረድቷል ይላል። ንጹሕ ሆኖ ስትረከቡት የተነሣ ፎቶ አለ፣ ስትወጡም አለ።»

ግሌንዳ ድንቹን ከዘይቱ አወጣችው። «እሱ ልክ ነው። በጣም ቆሽሾ ነበር።»

ከወረፋው አንድ ሽማግሌ፣ «ሴትዮ፣ ዛሬ ዓሣ አለ ወይስ የፍርድ ቤት ዜና ብቻ ነው?» አሉ።

«ሁለቱም አለ አባ፤ ዓሣው ብቻ ነው የሚሸጠው።»

በዚያው ዕለት ለአምስቱ ልጆች ጻፈችላቸው፦ «በቅነሳው ተስማምታችሁ ካልፈረማችሁ ጊዜው አላለፈም። ገንዘቡ የእናንተ ነው። የሆነውን ብቻ ጻፉ፣ ስም አትጥሩ።» መጀመሪያ የደወለችው ኢሞጀን ነበረች።

«ግሌንዳ፣ አባዬ እኮ አላምንም አለ። ወረቀቱን አሳዪኝ ይላል።»

«የጥርስ ሐኪም አይደል፤ ነቅሎ ማውጣት እንደሚቻል ሊያውቅ ይገባ ነበር።»

ሮድሪ ግን አልደወለም። ከሳምንት በኋላ ድርጅቱ ሳይከራከር የእሱንም ገንዘብ እንደመለሰ ጽፎ፣ ከሥሩ እናቱ በዌልስኛ የላኩላትን አንድ መስመር ጨመረበት። ምን እንደሚል አልተረጎመላትም፣ እሷም አልጠየቀችም።

ልምምዱ ሊጀምር ጥቂት ቀን ሲቀረው ግሌንዳ ሌላ ክፍል ለማየት ወደ ሼፊልድ ተመለሰች። ከዎክሊው ይርቃል። አውቶቡሱ እያቃሰተ የሚወጣው ዳገት ጫፍ ላይ፣ ጣሪያ ሥር ያለ፣ ቀጥ ብሎ መቆም የሚቻለው በመሐሉ ብቻ የሆነ ጠባብ ክፍል ነው። መስኮቱ ትንሽ ቢሆንም ማሰሮ ይይዛል። ሌሎች ሦስት ተማሪዎች ከታች አሉ። ቤቱን የሚያሳያት የአከራዩ ወኪል ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር፣ ጫማው ሹል የሆነ ጎልማሳ ነበር።

«እዚህ ላይ፣ እዚህ ላይ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙ» አለ፣ ውሉን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እየዘረጋ።

ግሌንዳ መነፅሯን አደረገች። ወንበር ስቦ አልሰጣትም፤ ራሷ ስባ ተቀመጠች። ከመጀመሪያው ቃል ጀመረች። ወኪሉ ሰዓቱን አየ፣ ወደ መስኮት ሄደ፣ ተመለሰ።

«የተለመደው ውል ነው እኮ። ማንም አያነበውም።»

«ዛሬ አንድ ሰው አገኘ» አለች፣ ዐይኗን ሳታነሣ።

አጋማሹ ላይ ደረሰች። አጥፊው ያልታወቀ ጉዳት ወጪ ለተከራዮች ሁሉ ይካፈላል የሚል መስመር። ቃሉ ትንሽ ቢለያይም ያው ነው። «ብዕር አለህ?»

ሰጣት፤ ልትፈርም መስሎት ፊቱ ፈካ። ግሌንዳ ከመስመሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቀጥ ያለ ሠረዝ ሠርዛ ከጎኑ የስሟን መነሻ ፊደላት አኖረች።

«እንዲህማ አይደረግም» አለ።

«ለምን?»

«ማንም አድርጎት አያውቅም።»

«እኔ የሰበርኩትን እከፍላለሁ። እዚሁ ከታች ልጽፍልህ እችላለሁ። ሌላው የሰበረውን ሌላውን ጠይቁት፤ ማን እንደሆነ ካላወቃችሁ ደግሞ ያ የእናንተ ችግር ነው። ካልተስማማህ ንገረኝ፤ ሻንጣዬ ገና ከደረጃው በታች ነው ያለው።»

ድምፅዋ አልጮኸም።  ከአሁን በኋላ ሌላ ክፍል መፈለጊያ ጊዜ እንደሌላት እሷ ታውቃለች፤ ሰውየው አያውቅም፣ እንዲያውቅም አላደረገችም።

ወኪሉ ወደ ኮሪደሩ ወጥቶ ስልክ ደወለ። «አይ፣ አሮጊት ናቸው» ሲል ሰማችው። «ተማሪ ናቸው። አይ፣ አልቀለድኩም። ሠርዘውታል።» ከዚያ ለረዥም ጊዜ አዳመጠ። ሲመለስ ቁልፉን ማሽከርከር ትቶ ነበር። ወንበር ሳይስብ፣ ጎንበስ ብሎ ከሠረዙ አጠገብ፣ ከእሷ ፊደላት ቀጥሎ የራሱን ፊደላት ጻፈ።

«ደስ አለዎት?» አለ፣ ብዕሩን ሊወስድ እጁን ዘርግቶ።

«ቆይ» አለችው ግሌንዳ፣ ገጹን እየገለጠች። «ገና መያዣዬን የት እንደምታስቀምጡት የሚለው ጋ አልደረስኩም።»